«ልውጣ ወይስ ልቆይ?» ለሚለው መልስ ያለው የካምፓስ አውቶቡስ አፕ

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ፕሮጀክት የካምፓስ አውቶቡስ አፕ ሠርተናል። ግቢው ውስጥ 6 አውቶቡሶች፣ 3 መስመሮችና 22 ፌርማታዎች አሉ። አውቶቡሶቹ ካርታ ላይ ሲንቀሳቀሱ ይታያሉ፤ መግቢያ ገጽ፣ የመስመር ዝርዝርና የጊዜ ሰሌዳም አለው። ተማሪው መጀመሪያ ሰሞን በብዛት ጫነው፤ አሁን ግን የሚከፍተው የለም። ለአጠቃቀም እንዲቀል ምኑን እንቀይር?

ምላሽ፦ እንደገለጻችሁት ከሆነ ጉዳዩ የቀለምና የቁልፍ አቀማመጥ አይመስልም። ካርታ ላይ የሚሄድ ነጥብ የሚመልሰው «አውቶቡሱ የት ደረሰ?» የሚለውን ነው። ቦርሳውን አንግቶ ዶርሙ በር ላይ የቆመው ተማሪ ግን «አሁን ልውጣ ወይስ ትንሽ ልቆይ?» ነው የሚለው። አፓችሁ ነጥቡን ያሳየዋል፤ ርቀቱን መገመት፣ ፌርማታዎቹን መቁጠር፣ የእግር መንገዱን መቀነስ የራሱ ሥራ ይሆናል። ግምቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ካሳተው ስልኩን ማውጣቱን ይተውና እንደ ድሮው ፌርማታ ሄዶ ይቆማል።

ስለዚህ ስክሪኑም፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቁጥርም አንድ ላይ መስተካከል አለባቸው። የተማሪ ፕሮጀክት ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን አሳምሮ ሁለተኛውን ይረሳዋል። ከቀራችሁ ጊዜ ሁለት ሦስተኛው ለቁጥሩ ቢሆን ይሻላል።

መጀመሪያ የሚታየው

አፑ ሲከፈት ምንም ሳይነካ ከላይ የሚነበበው ይህን ይመስላል፦

ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ዶርም አቅጣጫ
መስመር 2፦ 9 ደቂቃ፤ ቀጣዩ 19 ደቂቃ
በእግር 7 ደቂቃ፤ መውጫ ከ2 ደቂቃ በኋላ

ከዚህ በላይ አያስፈልግም። 9 የሚለው እየተራመዱ እንዲነበብ በትልቁ ይጻፍ። ቀጣዩ አውቶቡስ አብሮ መጻፉ ለጌጥ አይደለም፦ ቀጣዩ በ5 ደቂቃ ውስጥ የሚመጣ ከሆነ ተማሪው አይሮጥም፤ 40 ደቂቃ የሚቆይ ከሆነ ግን ይሮጣል። ይህን ሳያውቅ መወሰን አይችልም። ሌላም አለ፦ «ውጣ» ወይም «ውጪ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ተጠቃሚውን ወንድ ወይም ሴት አድርጋችሁታል። «መውጫ» የሚለው ስም ከዚህ ጣጣ ይገላግላችኋል፤ ሌሎቹንም ቁልፎች «ፍለጋ»፣ «ማስታወሻ»፣ «መሰረዣ» እያላችሁ በስም ሰይሟቸው።

የእግር መንገዱን ለማስላት ውድ የካርታ አገልግሎት አያስፈልግም። መንገድ ስለሚጠማዘዝ የቀጥታውን ርቀት በ1.3 አባዙት፤ የሰው እርምጃ በሴኮንድ 1.3 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውጤቱን በ1.3 አካፍሉት። 390 ሜትር 507 ሜትር ይሆናል፤ ሲካፈል 390 ሴኮንድ ይወጣል። ሁለቱ 1.3 ተጣፉ ማለት ነው፤ የቀጥታው ርቀት በሜትር ራሱ የሴኮንዱ ቁጥር ሆኖ ቁጭ ይላል። 390 ሴኮንድ 6 ደቂቃ ተኩል ነው፤ 7 ተብሎ ይጻፋል። ይህ ቀመር የሚከሽፈው አጥር ባለበት ቦታ ነው፤ ፌርማታው በአጥሩ ማዶ 80 ሜትር ላይ ሆኖ በሩ ግን ሩብ ሰዓት ሊያስኬድ ይችላል። ፌርማታዎቹ 22 ብቻ ስለሆኑ እንዲህ ያሉትን በእጅ እየለያችሁ ማስተካከያ ስጧቸው።

የቁጥር አጠጋጋችሁም አቅጣጫ አለው። የእግር መንገዱ ወደ ላይ፣ የአውቶቡሱ ደግሞ ወደ ታች ይጠጋጋል። 3 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ የቀረው አውቶቡስ «3 ደቂቃ» ይባላል እንጂ 4 አይባልም። ከ1 ደቂቃ በታች ሲሆን ቁጥሩን ትታችሁ «እየደረሰ ነው» በሉ። ሴኮንድ አታሳዩ፤ የሌለ ጥራት እንዳለ ያስመስላል። ከ20 ደቂቃ በላይ የቀረው አውቶቡስ ቁጥሩ 23፣ 26፣ 22 እያለ ስለሚዘል ከደቂቃ ይልቅ የሚደርስበት ሰዓት ቢጻፍ ዓይን ያርፋል።

ካርታው አይጥፋ፤ ወደ ሁለተኛው ገጽ ይውረድ። ከካርታው በፊት ደግሞ የመስመሩን ፌርማታዎች ከላይ ወደ ታች ደርድሮ አውቶቡሱን በመካከላቸው የሚያሳይ ቀጥ ያለ ሥዕል ቢኖር ለአብዛኛው ሰው ይበቃዋል። በአንድ አውራ ጣት ይነበባል፣ የካርታ ምስል ስለማያወርድም ዳታ አይበላም፣ ደካማ ኔትወርክ ላይ ወዲያው ይከፈታል። የፌርማታ ስሞች፣ የመስመር ቅርጾችና የጊዜ ሰሌዳው ስልኩ ላይ ይቀመጡ፤ ለ22 ፌርማታ ይህ ሁሉ ከአንድ ሜጋባይት በታች ነው። ከሰርቨር የሚመጣው የሚለዋወጠው ነገር ብቻ ይሁን።

መግቢያ ገጹን አውጡት

የተማሪ መለያና የይለፍ ቃል ለምን አስፈለገ? አውቶቡስ መቼ እንደሚመጣ ማወቅ ምስጢር አይደለም። የይለፍ ቃሉን የረሳ ተማሪ፣ እንግዳ ሆኖ የመጣ ሰው፣ ስልክ የቀየረ ሁሉ እዚያው በር ላይ ይመለሳል። እናንተም ሳታስቡት የተማሪዎችን የውሎ መዝገብ የምትይዙ ሆናችሁ ትገኛላችሁ። የተመረጡ ፌርማታዎች ስልኩ ላይ ይቀመጡ፤ ሰርቨሩ ማን እንደጠየቀ ማወቅ የለበትም። በዚያው ልክ አፑ ላይ የሚወጣው የአውቶቡሱ ቁጥር እንጂ የሹፌሩ ስም መሆን የለበትም።

የአካባቢ ፈቃድ ሲጠየቅም ብዙዎች ይሳሳታሉ። አፑ ገና እንደተከፈተ «አካባቢዎን እንድናውቅ ይፍቀዱ» የሚል መስኮት ብቅ ካለ ተማሪው ለምን እንደሆነ ሳያውቅ «አይሆንም» ይላል። አይፎን ላይ ያ መስኮት ዳግም አይመጣም። አንድሮይድ ከስሪት 11 ጀምሮ ሁለት ጊዜ የተከለከለ ፈቃድ እስከ መጨረሻው እንደተከለከለ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ወደ ስልኩ ማስተካከያ ገብቶ መፍቀድ ብቻ ነው፤ ያን የሚያደርግ ጥቂት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፌርማታ በስም ይመረጥ፤ «ቅርቤ ያለው» የሚል ቁልፍ አስቀምጡና ፈቃዱን ያ ቁልፍ ሲነካ ብቻ ጠይቁ። የሚጠየቀውም አፑ ክፍት ሳለ ብቻ የሚሠራው ፈቃድ ነው። ፈቃድ ያልሰጠ ሰው መጨረሻ የከፈተው ፌርማታ ይምጣለት።

በነገራችን ላይ «ቅርብ ያለው ፌርማታ» ብቻውን አደገኛ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት መንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ፌርማታ ካለ በመካከላቸው ያለው ርቀት 12 ሜትር ሊሆን ይችላል። ስልኩ ደግሞ በሜዳ ላይ እንኳ 5 ሜትር ገደማ ይስታል፤ ሕንፃ ሥር ከዚያ በላይ። አፑ የተሳሳተውን ጎን መርጦ የተቃራኒውን አቅጣጫ ደቂቃ ያሳያል፤ ተማሪውም አውቶቡሱ ከጀርባው ሲያልፍ ያያል። ሁለቱን በአንድ ስም ሰብስቧቸው፣ አቅጣጫቸውን በመድረሻ ስም («ወደ ዶርም»፣ «ወደ ዋናው በር») ለይታችሁ አንድ ላይ አሳዩ። ስሙም ተማሪው የሚጠራው ይሁን። የቢሮው ሰነድ «ሕንፃ ለ-14» ቢለው እንኳ ሰዉ «ካፌ ጋ» የሚለው ከሆነ ፍለጋው በሁለቱም ማግኘት አለበት።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

ብዙ ጊዜ የሚሠራው ቀሪውን ርቀት ለአውቶቡሱ የአሁን ፍጥነት ማካፈል ነው። ይህ አይሠራም። 1,400 ሜትር የቀረው አውቶቡስ ጉብታ ላይ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ስሌቱ 8 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይላል። ከ10 ሴኮንድ በኋላ 35 ሲገባ 2 ደቂቃ ተኩል አይሞላም። ተሳፋሪ ሊጭን ሲቆም ደግሞ ፍጥነቱ ዜሮ ስለሆነ ስሌቱ ይፈርሳል። ተማሪው ቁጥሩ ሲዘል ካየ ማመኑን ያቆማል።

የሚሠራው መንገድ መስመሩን ከፌርማታ እስከ ፌርማታ ቆራርጦ እያንዳንዱ ቁራጭ ከዚህ ቀደም ስንት ሴኮንድ እንደወሰደ መመዝገብ ነው። አውቶቡሱ ከ4ኛው ወደ 5ኛው ፌርማታ 60 በመቶውን ሄዷል እንበል፤ እናንተ ያላችሁት 7ኛው ላይ ነው። ያ ቁራጭ በተለምዶ 100 ሴኮንድ ይፈጃል፤ ስለዚህ 40 ቀርቶታል። 5ኛው ላይ 25 ሴኮንድ ይቆማል። ከ5 ወደ 6 80 ሴኮንድ፣ 6ኛው ላይ እንደገና 25፣ ከ6 ወደ 7 130። ድምሩ 300 ሴኮንድ፣ 5 ደቂቃ ነው። አውቶቡሱ ቢቆምም ቢፈጥንም ይህ ቁጥር ቀስ ብሎ እንጂ ዘሎ አይለወጥም።

ካምፓስ ከከተማ የሚለየው የሕዝቡ ፍሰት በክፍል መለዋወጫ ሰዓት መቆራረጡ ነው። ክፍል ሲለቀቅ አንድ ፌርማታ ላይ 60 ሰው በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ 25 ሴኮንድ የነበረው ማቆሚያ 70 ይሆናል። ከላይ ያለው ምሳሌ በዚያ ሰዓት 390 ሴኮንድ ይወጣዋል፣ 6 ደቂቃ ተኩል። ስለዚህ መዝገቡን በየሰዓቱ አትክፈሉት። ክፍል ከሰዓቱ 50ኛ ደቂቃ ላይ የሚለቀቅ ከሆነ ከ45ኛው ደቂቃ እስከ ቀጣዩ ሰዓት 5ኛ ደቂቃ ያለውን ለብቻው፣ የቀረውን ለብቻው ያዙ። ለእያንዳንዱ ቁራጭ በየክፍለ ጊዜው 20 ወይም 30 መዝገብ ሲኖር መካከለኛው ዋጋ (ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው) ይረጋጋል። ያን ያህል እስኪሰበሰብ ክፍለ ጊዜዎቹን አዋህዳችሁ ተጠቀሙ። አማካይ ሳይሆን መካከለኛ የምንለው፣ አንድ ቀን ጎማ የፈነዳበት አውቶቡስ አማካዩን ስለሚያበላሸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ፦ ስህተቶች እኩል አይጎዱም። 5 ደቂቃ ተብሎ በ7 ደቂቃ የመጣ አውቶቡስ ተማሪውን 2 ደቂቃ ያስቆመዋል። 5 ደቂቃ ተብሎ በ3 ደቂቃ መጥቶ የሄደ አውቶቡስ ግን ቀጣዩን 15 ደቂቃ ያስጠብቀዋል፤ ምናልባት ፈተናም ያሳልፈዋል። ስለዚህ የሚታየው ቁጥር መካከለኛው ሳይሆን ወደ ቶሎ ያጋደለ ይሁን። ከ4ኛው እስከ 7ኛው ፌርማታ ያሉትን 100 ያለፉ ጉዞዎች ከአጭር ወደ ረጅም ደርድሩና 20ኛውን ውሰዱ። መካከለኛው 5 ደቂቃ ከሆነ ይህ 4 ወይም 4 ተኩል ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ፦ 20ኛውን ከየቁራጩ ወስዳችሁ አትደምሩ። ሁሉም ቁራጭ በአንድ ጉዞ ላይ ፈጣን ሊሆን ስለማይችል ድምሩ ከሚገባው በላይ ያጥራል፤ ተማሪው ሁልጊዜ ቀድሞ እየደረሰ ይሰለቻል። ጉዞውን ሙሉውን ደርድሩት።

የመጨረሻው ፌርማታ ደግሞ የራሱ ሒሳብ አለው። አውቶቡሱ እዚያ ደርሶ ሹፌሩ ሻይ ሲጠጣ አፑ አሁኑኑ ተመልሶ እንደሚነሳ ይቆጥረዋል፤ ቁጥሩም «2 ደቂቃ» ላይ ለ10 ደቂቃ ተሰክቶ ይቀራል። ሰው በጣም የሚናደድበት ነገር ይህ ነው። የመነሻውን ሰዓት ከሁለቱ የዘገየውን አድርጉ፦ የጊዜ ሰሌዳው ወይም የደረሰበት ሰዓት ሲደመር ትንሹ ዕረፍት፣ ለምሳሌ 4 ደቂቃ። እስኪነሳ ድረስም «በሰሌዳው መሠረት» የሚል ይጻፍ።

አውቶቡሱ ላይ ያለው መሣሪያ

የሹፌር ስልክ ለሙከራ ይሆናል፤ ለዘወትር አገልግሎት አይመከርም። አንድሮይድ ባትሪ ለመቆጠብ ከጀርባ የሚሠራ አፕ ያስተኛል፤ ቋሚ ማሳወቂያ የሚያሳይ የፊት አገልግሎት ካልሆነ በቀር ነጥቡ መካከል ላይ ይጠፋል። ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ የመታው ስልክ ግሎ ይዘጋል። ከሁሉ በላይ ሹፌሩ «ጀምር» መጫን ይረሳል። በስልክ መሥራት ግድ ከሆነ ለአውቶቡሱ ብቻ የተሰጠ ይሁን፣ ከጥላ ሥር በብሎን ይታሰር፣ ቻርጀሩ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ራሱ እንዲጀምር ይደረግ።

የተሻለው የተሽከርካሪ ጂፒኤስ መከታተያ ነው። አውቶቡስ አብዛኛውን ጊዜ 24 ቮልት ስለሆነ ለመኪና የሚሸጠውን በ12 ቮልት ብቻ የሚሠራ አትግዙ። ሦስት ሽቦ ይገናኛል፦ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት በፊውዝ በኩል፣ ቦዲው፣ እና ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚነቃው። ገጣሚው ሥራ ለማሳጠር የመጀመሪያውን ትቶ በቁልፉ ብቻ ካገናኘው፣ ሞተር በጠፋ ቁጥር መሣሪያው ዝም ይላል። መነሻ ላይ የቆመው አውቶቡስ ከአፑ ይጠፋል፤ ሲነሳም ጂፒኤሱ ሳተላይት እስኪያገኝ የመጀመሪያውን ፌርማታ ያልፋል። አንቴናው ሰማይ እንዲያይ ይሁን፤ ከብረት ጣሪያ ሥር ወይም ብረት ከተቀላቀለበት የመስታወት ፊልም ጀርባ አይቀመጥ።

ሲሄድ በየ10 ሴኮንዱ፣ ሲቆም በየደቂቃው ይላክ። ቀኑን 14 ሰዓት በየ10 ሴኮንዱ ቢልክ 5,040 መልእክት ነው። ኤምኪውቲቲ በሚባለው ግንኙነቱን ክፍት አድርጎ በሚያቆይ መንገድ አንዱ መልእክት 200 ባይት ቢሆን በቀን 1 ሜጋባይት ነው፤ በወር 30። በየመልእክቱ አዲስ ኤችቲቲፒኤስ ግንኙነት የሚከፍት ከሆነ ግን አንዱ 5 ኪሎባይት ሊደርስ ይችላል፤ በቀን 25 ሜጋባይት። ለ6 አውቶቡስ ሲም ካርድ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ኔትወርክ ሲቋረጥ መሣሪያው ነጥቦቹን ያከማቻል፤ ሲመለስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአሮጌው ጀምሮ ይልካል። ሰርቨራችሁ የመጣለትን ሁሉ «አሁን» ብሎ ከተቀበለ አውቶቡሱ ወደ ኋላ ዘሎ ያለፈውን መንገድ በፍጥነት ሲደግም ይታያል። መልእክቱ ውስጥ ያለውን የጂፒኤስ ሰዓት ተጠቀሙ እንጂ የደረሰበትን አይደለም። አሮጌው ለመዝገቡ ይግባ፣ ለስክሪኑ አይሂድ።

ነጥቡን መስመሩ ላይ ስታሳርፉ ቅርብ ያለውን መንገድ ብቻ አትዩ። አውቶቡሱ በአንድ መንገድ ሄዶ በዚያው የሚመለስ ከሆነ ሁለቱ አቅጣጫዎች በ7 ሜትር ነው የሚለያዩት፤ ከጂፒኤስ ስህተት ያነሰ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ጉዞው ወደፊት ብቻ እንዲሄድ፣ ወደ ኋላ ቢበዛ 50 ሜትር እንዲፈቀድለት አድርጉ። የአቅጣጫ ዲግሪውም ከሰዓት 5 ኪሎ ሜትር በታች አይታመንም፤ የቆመ አውቶቡስ በየሴኮንዱ ሲዞር ታያላችሁ።

የሞተ ነጥብ

ተማሪን ከሚያሸሹ ነገሮች ሁሉ የከፋው ያልመጣ አውቶቡስ «እየደረሰ ነው» ሲባል ነው። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የ10 ደቂቃ አሮጌ ነጥብ እንደ ትኩስ መታየቱ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ዕድሜ ይኑረው፦ ከ60 ሴኮንድ በላይ ሲሆን ቁጥሩ ይደብዝዝና «ከ1 ደቂቃ በፊት የታየ» ይባል፤ ከ3 ደቂቃ በላይ ሲሆን ነጥቡ ይነሳና ወደ ጊዜ ሰሌዳው ይመለስ። የሰሌዳው ቁጥር በቀጥታ ከሚለካው ጋር በመልክ አይመሳሰል። አንዱ በደማቅ፣ ሌላው በስስ ፊደል ሆኖ «በሰሌዳው» የሚል ቃል ቢጨመርበት ይበቃል። «አናውቅም» ማለትን አትፍሩ፤ ተማሪው ከሚዋሸው አፕ ይልቅ ዝም የሚለውን ይታገሳል። የስልኩ ኔትወርክ ሲቋረጥም ሕጉ ያው ነው፤ መጨረሻ የመጣው ቁጥር እየቀነሰ ወደ ዜሮ እንዲሄድ አትተዉት።

የስምሪት ክፍሉ

ይህን ጠያቂዎቹ አላነሳችሁትም፤ ግን አፑን በአንድ ሳምንት የሚገድለው ይኸው ነው። 2ኛው አውቶቡስ ጋራዥ ገባ፣ 4ኛው ወደ መስመር 1 ተዛወረ። አፑ አሁንም 4ኛውን መስመር 3 ይለዋል። ለስምሪት ሠራተኛው በስልኩ የሚከፈት አንድ ገጽ ሥሩለት፤ አውቶቡሶቹ በአንድ ረድፍ፣ መስመሮቹ በሌላ፣ ሁለት ጊዜ ነክቶ የሚጨርሰው። ቢረሳም እንዳይበላሽ ሰርቨሩ ራሱ ይጠርጥር፦ ያለፉት 10 ደቂቃ ነጥቦች አብዛኛዎቹ ከሌላ መስመር 30 ሜትር ውስጥ ከሆኑ «4 ቁጥር መስመር 1 ላይ ነው?» ብሎ ይጠይቀው። ለዚህ የሚቆጠረው መስመሮቹ የማይጋሩት መንገድ ላይ ያለው ነጥብ ብቻ ነው፤ የጋራው ዋና መንገድ ምንም አያረጋግጥም።

ማስታወቂያም ከዚያው ገጽ ይውጣ፤ ማብቂያ ሰዓት ሳይሞላበት ግን አይለጠፍ። ትናንት የተዘጋ መንገድ ዛሬም «ተዘግቷል» ከተባለ ነገ ማንም አያነበውም። የፈተና ሳምንት፣ ዕረፍትና ቅዳሜና እሁድ በቀን መቁጠሪያ ሰንጠረዥ ይያዙ እንጂ ኮዱ ውስጥ አይጻፉ፤ እናንተ ተመርቃችሁ ስትሄዱ የሚነካው ሰው አይኖርም።

አውቶቡሱ ሞልቶ ሳይቆም ማለፉ ሌላው ቅሬታ ነው። ሹፌሩ እየነዳ ስክሪን እንዲነካ አታድርጉት። ብዙ መከታተያዎች ተጨማሪ የምልክት መግቢያ አላቸው፤ እዚያ ላይ አንድ ተራ መጫኛ አገናኙ። ሲጫን «ሞልቷል» ይባላል፤ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሲደርስ ራሱ ይጠፋል።

ማሳወቂያ

«መውጫዬ ሲደርስ ንገረኝ» የሚል አንድ ማስታወሻ ይበቃል። ስሌቱ ሰርቨሩ ላይ ይሁን፦ የእግር መንገዱ ሲደመር 2 ደቂቃ ሲቀረው ይላካል፤ አንዴ ከተላከ ይሰረዛል። በጉግል የፋየርቤዝ መልእክት አገልግሎት የምትልኩ ከሆነ የመቆያ ጊዜውን የግድ አሳጥሩት። ካልነካችሁት 4 ሳምንት ነው፤ ስልኩ ጠፍቶ የነበረ ተማሪ በማግስቱ ጠዋት ሲያበራው «አውቶቡስዎ 5 ደቂቃ ቀርቶታል» ይለዋል። 60 ሴኮንድ በቂ ነው። አንድሮይድ ከስሪት 13 ጀምሮ ማሳወቂያም ፈቃድ ይፈልጋል፤ ያንንም ማስታወሻው ሲሞላ እንጂ ቀድማችሁ አትጠይቁ።

ለሁሉም ዓይን

ፌርማታ ላይ ፀሐይ አለ። ግራጫ ፊደል በነጭ ላይ ቢሮ ውስጥ ያምራል፤ ውጭ አይነበብም። የጽሑፍና የዳራ ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ የሚነካ ቁልፍ አንድሮይድ ላይ ቢያንስ 48 ዲፒ (የአንድሮይድ የስክሪን መጠን መለኪያ) ይሁን። መስመሮቹን በቀለም ብቻ አትለዩ፤ ቀዩና አረንጓዴው አንድ የሚሆንበት ተማሪ አለ፣ ቁጥሩ ሁልጊዜ አብሮ ይታይ። ስክሪን አንባቢ ለሚጠቀም ዓይነ ስውር ተማሪ ደግሞ በየ10 ሴኮንዱ የሚታደስ ቁጥር በየ10 ሴኮንዱ ጆሮው ላይ ይጮኻል። ደቂቃው ሲለወጥ ብቻ እንዲነበብ አድርጉ፤ ካርታውን ሳይነካ ሁሉንም ማግኘት መቻሉንም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሞክሩት።

መሥራቱን በምን ታውቃላችሁ?

ስንት ሰው ጫነው የሚለው አይነግራችሁም። ሰርቨሩ ያሳየውን ቁጥር ሁሉ ከነሰዓቱ ይመዝግብ፤ አውቶቡሱ በእውነት የደረሰበትን ሰዓት ደግሞ ከጂፒኤሱ ያውጣ። ከዚያ 10፣ 5 እና 2 ደቂቃ ተብሎ በነበረበት ቅጽበት ምን ያህል እንደተሳተ ለየብቻ ቁጠሩ። በተለይ አንዱን ተከታተሉ፦ ከተባለው 30 ሴኮንድ በላይ ቀድሞ የመጣ። ይህ 5 ደቂቃ ከተባሉት ከ100ው ከ5 በታች እስኪሆን ድረስ አዲስ ገጽ አትሥሩ። የፌርማታው ክልልም ልክ ይኑረው፤ ከምሰሶው 30 ሜትር ውስጥ ሲገባ «ደረሰ» በሉት። 100 ሜትር ካደረጋችሁት ትራፊክ ውስጥ የቆመውን ደረሰ ትላላችሁ፣ 10 ካደረጋችሁት ትንሽ አልፎ የሚቆመው ሹፌር በጭራሽ አልደረሰም ይባላል።

ሰው ላይ የሚደረገው ሙከራ አጭር ነው። አምስት ተማሪ፣ አንድ ፌርማታ፣ አንድ ጥያቄ፦ «አሁን ወደ ዶርም ለመሄድ መቼ ትነሳለህ?» ከመክፈት እስከ መልስ ከ5 ሴኮንድ በላይ ከፈጀ ወይም ጣቱ ካርታውን ማንቀሳቀስ ከጀመረ የመጀመሪያው ስክሪን ገና ነው። አታግዙት፣ አትጠቁሙት።

መረጃውን በምን ቅርጽ እንያዝ ካላችሁ፣ የራሳችሁን ሰንጠረዥ ከመፍጠር ጂቲኤፍኤስን ተጠቀሙ። በ2005 በፖርትላንድ ትራይሜት የተባለው የትራንስፖርት ድርጅትና ጉግል የጀመሩት የመስመር፣ የፌርማታና የጊዜ ሰሌዳ መረጃ መያዣ ክፍት ቅርጽ ነው፤ ካርታ አፖች የሚያነቡት እሱን ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚገባ የማታ ጉዞ እንደ 25:30:00 ይጻፋል እንጂ ወደ ማግስቱ አይሻገርም፤ ይህን ያላወቀ ኮድ የመጨረሻውን የሌሊት አውቶቡስ ይደብቀዋል። አውቶቡሶቹ አሁን ያሉበትን የሚይዘው የቀጥታው አካሉም ቢያንስ በየ30 ሴኮንዱ እንዲታደስ፣ የአውቶቡስ ቦታ ከ90 ሴኮንድ በላይ እንዳያረጅ የአሠራር መመሪያው ይመክራል። በ2008 ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎች የጀመሩት ዋን ባስ አዌይ የተባለው የአውቶቡስ መድረሻ አፕ ኮዱ ክፍት ስለሆነ ቀጥታ ሊታይ ይችላል።

በመጨረሻም አፕ መጫን የማይፈልገውን አትርሱት። እያንዳንዱ ፌርማታ የራሱ የድረ ገጽ አድራሻ ይኑረው፣ መጀመሪያ ላይ ያየናቸው ሦስት የጽሑፍ መስመሮች ብቻ የሚታዩበት። አድራሻውን በኪውአር ኮድ ምሰሶው ላይ ለጥፉ፤ ጎኑ ከ5 ሴንቲ ሜትር አይነስ፣ በደረት ከፍታ ይሁን፣ ፀሐይ የሚያንጸባርቅ የላስቲክ ሽፋን አይደረግበት። ኮዱ ሲፋቅ የሚተየብ ባለ ሁለት አሃዝ የፌርማታ ቁጥርም ከሥሩ በትልቁ ይጻፍ።